እማማ በረኪና ያላጠቡት እድፍ

ጋሪው ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ሲወጣ አንዱ ጎማ ደፉን ገጭቶ ተንገጫገጨ፤ ከአንሶላው ክምር ውስጥም «ውይ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ዝም በይ» አሉ እማማ በረኪና ዞር ሳይሉ። «አንሶላ አይናገርም።»

ልጓሙን ሳብ ቢያደርጉም በቅሎው የራሱ አሳብ ነበረው። ትእዛዝ መስጠት እንጂ መቀበል ስለማይወድ «ጄኔራል» ነው የሚሉት። በሩ መሃል ቆሞ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛ። እዚያው በር ላይ የከሰል ካውያዋን የምታራግበው ልብስ ተኳሽ ቀና ብላ አየቻቸው። የሰፈሩ ሰው ይህችን ሴት «ካውያ» ይላታል፤ ስለ ሥራዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ምላሷም ጭምር።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ጄኔራልን ነው።»

«በጠዋቱ ወዴት ነው? የሻምበሉ ሸሚዞች ገና አልተተኮሱም እኮ!»

«ተኩሰሽ ባቡር ጣቢያ ይዘሽልኝ ነይ። እኔ የሆስፒታሉን አንሶላ ላደርስ ነው።»

«ሙሽራስ? ዛሬ ብቅ አላለችም።»

«ተሸፋፍና ተኝታለች» አሉ እማማ በረኪና። ይህስ ውሸት አልነበረም። ጄኔራልም በዚህ የረካ ይመስል ተነስቶ መሄድ ጀመረ።

ዕለቱ ክፍለ ጦሩ ወደ ድንበር የሚዘምትበት ነበር። ጦርነቱ ለጊዜው ያለው በጋዜጣና በሬዲዮ ላይ ቢሆንም፣ ከተማው በየመስኮቱ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ፈረሶች በየመንገዱ እየተጎተቱ፣ የመድፍ ጎማ ድንጋዩን እየፈጨ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራ ነበር። የእማማ በረኪና አንድ ለእናቱ የሆነው ልጅ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው ባቡር ከጭፍሮቹ ጋር ይሳፈራል።

እማማን ጋሪ ላይ ያስወጣቸው ግን መዝመቱ አይደለም፤ ጠዋት ከቤት የወጣበት ሁኔታ ነው። ጓዙን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ሚስቱ ሰሞኑን ለብቻዋ የምትተኛበትን የልብስ መተኮሻ ክፍል በር ቆሞ አየው። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። «ደህና ሁኚ ብሏል በሏት» ብሎ ሄደ። ሙሽራ ከበሩ ማዶ ቆማ ትሰማ ነበር። የቡትስ ጫማው ድምፅ ሲርቅ ልብሶቿን በጨርቅ ትቋጥር ጀመር፤ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ።

ሙሽራ የምትባለው የቤቱ ምራት ናት። ሙሽርነቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እማማ በረኪና ሴት ልጅ አልወለዱም፤ ይህችን ልጅ ግን ከወለዱት አስበልጠው ይወዷታል፤ ይህንንም ከልጃቸው አይደብቁም። «አንተን የወለድኩህ እሷን እንድታመጣልኝ ነው» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ይስቅ ነበር።

የሙሽራ ሕመም የጀመረው በክረምቱ ነው። ከትልቁ የመቀቀያ በርሜል ሥር፣ እስከ ጭኗ የራሰ ቀሚስ ለብሳ፣ በእንፋሎት ተከባ ነው የምትውለው፤ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ። አንድ ቀን ልብስ ማለቅለቂያው ገንዳ አጠገብ ወደ አማቷ ጠጋ ብላ፣ «እማ፣ ያሳክከኛል» አለቻቸው።

«ምንሽን?»

መልሱን ለመናገር ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ነበረባት። ብልቷ እንደሚያሳክካት፣ ሽንት ስትሸና እንደሚያቃጥላት፣ እንደ ረጋ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ እንደሚወጣት ነገረቻቸው።

ለእማማ በረኪና በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ የታጠበና ገና ያልታጠበ። በቀዝቃዛ ውሃ ያልለቀቀ በሶዳ ይለቃል፤ በሶዳ ያልለቀቀ በበረኪና ይለቃል፤ በበረኪናም ያልለቀቀ እንደሆነ ልብሱ ድሮም ሲሸመን ተበላሽቶ ነው። ስለዚህ ለምራታቸው ያደረጉት ልባቸው ያዘዛቸውን ነው። የኮሎኔሉን የጠረጴዛ ልብስ የሚያነጡበትን ሶዳ ለብ ባለ ውሃ በጠበጡላት። «ጠዋትና ማታ ታጠቢበት፤ ውስጡን ጭምር» አሏት። ሙሽራም እንደተባለችው አደረገች። ባሰባት። ሶዳው ጨመረ። አሁንም ባሰባት።

መቀመጥ አቃታት፤ መተኛትም አቃታት። ባሏ ሲጠጋት ሕመሙን ፈርታ ዞር ትላለች፤ ምክንያቱን ግን አትነግረውም። ምክንያቱም ካውያ አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰች፣ «ወታደር ባል ያላት ሴት ስታሳክክ ምን እንደሆነ እናውቃለን» ብላለች፤ ሴቶቹም ስቀዋል። የጦር ሰፈር በሽታ፣ የመጠጥ ቤት በሽታ ማለቷ ነው። ካውያ ሙሽራ ከበስተኋላዋ መቆሟን አላወቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ ሙሽራ አልጋዋን ለየች። ባሌ አምጥቶብኝ ይሆን ብላ ታስባለች፤ ደግሞም፣ ብነግረው አንቺ ነሽ ያመጣሽው ቢለኝስ ትላለች። እሱ ደግሞ ጠልታኛለች ብሎ ደምድሟል። ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ተዘጋግተው ከረሙ።

ዛሬ ጠዋት እማማ በረኪና ቋጠሮውን ካዩ በኋላ የመጨረሻውን መሣሪያ ይዘው መጡ፤ አንድ ገንዳ ውሃና የበረኪናዋን ጠርሙስ። «ጠብ ላደርግበት ነው፤ አንድ ጊዜ ቻዪው» አሉ። ያኔ ሙሽራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ልጅ፣ ገንዳውን በእግሯ ገለበጠችው።

«እማ፣ እኔ እድፍ አይደለሁም!»

ውሃው ከበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ። ከዚያ እማማ በረኪና ጠርሙሷን አስቀመጡና ሐኪም ጋ ሊወስዷት ጋሪውን ሊያስጭኑ ወጡ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አንድ አሥር አለቃ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። በዕለቱ ማንኛውም ጋሪ ሳይፈተሽ አያልፍም።

«ምን ጭነዋል እናቴ?»

«የታጠበ አንሶላ።»

«ገለጥ አድርጌ ላየው።»

«እጅህን አሳየኝ» አሉት።

አሥር አለቃው ግራ ተጋብቶ መዳፎቹን ዘረጋ። ከጠመንጃ ቅባት ጠቁረው ነበር።

«በዚህ እጅህ ነው አንሶላዬን የምትገልጠው? ስንት ባልዲ ውሃ እንደጠጣ ታውቃለህ? ሂድና ታጥበህ ና፤ እጠብቅሃለሁ።»

ከኋላ የመድፍ ጋሪዎች ተሰልፈው ይጮሁ ጀመር። አሥር አለቃው ወደ ወንዙ አየ፤ ወደ መድፎቹ አየ፤ «ይለፉ» አላቸው። አንሶላው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ እማማ አዩ። እያለቀሰች መስሏቸው ደነገጡ። ሙሽራ ግን እየሳቀች ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ የሴቶች ክፍል በር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ወንበር ላይ የታየች ሴት ስሟ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል፤ የመጠጥ ቤት ሴቶች የሚመረመሩት እዚህ ነውና። ስለዚህ እማማ በረኪና ጋሪውን በጓሮ በር አስገብተው፣ ምራታቸውን ከአንሶላው አውጥተው፣ ጠጉሯን በእጃቸው አስተካክለው ይዘዋት ገቡ።

ዶክተር ሲባል ጺማም ሽማግሌ ጠብቀው ነበር። ያገኟት ግን ከሙሽራ ብዙም የማትበልጥ መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ እጅጌዋን ጠቅልላ በነጭ ጋዋኗ ትከሻ ላይ የመቶ አለቃ ምልክት ሰክታለች። ጠረጴዛዋ ላይ የናስ ማይክሮስኮፕ ቆሟል፤ በአልኮል ምድጃ ላይ የብረት ዕቃዎች በአንድ ድስት ይፈላሉ።

«ክቡር መቶ አለቃ» ብለው ጀመሩ እማማ፤ ሴት መሆኗ ትዝ ሲላቸው ደግሞ «ክብርት» አሉ፤ ሁለቱም አልጣማቸውም። «ልጄ፣ እኔ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት!» አለች ዶክተሯ። ኮሌታዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ አንገቷን አሳየቻቸው፤ ዙሪያውን ቀልቶ ተልጧል። «ልብስ የሚያጠነክሩበት ስታርችዎ እኮ ነው። ጋዋኖቼ ለብቻቸው ይቆማሉ።»

እማማ በረኪና ይህን እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

ሙሽራ ፊቷን በክንዷ ጋርዳ የምርመራ አልጋው ላይ ተኛች። ዶክተሯ ማንኛውንም ነገር ከማድረጓ በፊት እየነገረቻት፣ «አሁን እጄ ይሰማሻል፤ ሲያምሽ አቁሚ በይኝ፤ አቆማለሁ» እያለቻት መረመረቻት። አማቷ እጇን ይዘው ጣሪያውን ያያሉ። ከዚያ ዶክተሯ በጥጥ ጫፍ ከነጩ ፈሳሽ ጥቂት ወስዳ መስታወት ላይ ቀባችው፤ የሆነ ጠብታ ጨመረችበትና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች። ሽንቷንም በብርጭቆ ተቀብላ ስኳር እንደሌለበት አየች። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ይይዛታል።

እማማ በረኪና ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን ጥያቄ ተነፈሱት።

«ዶክተር፣ ልጄ ነው ያመጣባት? አይደብቁኝ። ልጄም ቢሆን አይደብቁኝ።»

ሙሽራ ክንዷን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«ማንም አላመጣባትም» አለች ዶክተሯ። «ይምጡና ይዩት።»

እማማ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ የራሳቸውን ሽፋሽፍት አዩ፤ ቀጥሎ ብርሃን ውስጥ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮችና ክሩ ላይ የተሰኩ ዶቃዎች የመሰሉ ነገሮች ታዩአቸው።

«የእርሾና የሻጋታ ዘመድ ነው» አለች ዶክተሯ። «ብዙ ሴት ሳያስቸግራት ይዛው ትኖራለች። የሚረጥብ፣ የሚሞቅ፣ አየር የማያገኝ ቦታ ሲሆንለት ይበዛል። ያኔ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ፈሳሹም እንደዚህ ወፍራምና ነጭ ይሆናል። ስስና ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ቢኖረው ሌላ በሽታ ነው እል ነበር። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አረፋማ ቢሆን ደግሞ ሌላ፤ እሱ ከግንኙነት ስለሚመጣ ባልየውንም ጥሩልኝ እል ነበር። ይሄ ግን ያ አይደለም። የኔ እህት፣ ምንም አላጠፋሽም፤ እሱም አላጠፋም።»

የሙሽራ እንባ በሁለቱ ጆሮዎቿ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ።

«ያልገባኝ ይሄ ሁሉ መላጥ ነው» አለች ዶክተሯ። «በምንድን ነው የምትታጠቢው?»

ሙሽራ አማቷን አላየችም። «በውሃ» አለች።

ልጅቱ ልትሸፍንላቸው እየሞከረች መሆኗን ሲያዩ የእማማ በረኪና ልብ ተሰበረ።

«በሶዳ ነው» አሉ። «በእኔ ሶዳ። እኔ ነኝ የበጠበጥኩላት። ውስጡን ጭምር እጠቢ ያልኳት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «እማማ፣ ሶዳ ኮምጣጤ ላይ ቢያፈሱ ምን ይሆናል?»

«አረፋ ያወጣና ኮምጣጤው ይሞታል።»

«የሴት ብልት ኮምጠጥ ያለ የራሱ እርጥበት አለው፤ ከክፉ ነገር የሚጠብቁት በዓይን የማይታዩ ዘበኞችም አሉት። ራሱን በራሱ ያጸዳል። እርስዎ ዘበኞቹን ገደሉና በሩን ልጠው ከፈቱት። ከውጭ በንጹሕ ውሃ፣ ያውም በቀስታ፤ ወደ ውስጥ ግን ምንም፤ ሳሙናም ሽቶም። አንገቴን አይተዋል አይደል? አንገቴ በስታርች ይህን ከሆነ ያ ገላ በሶዳ ምን ሊሆን ነው? ሰው አንሶላ አይደለም።»

«ነግራኛለች» አሉ እማማ በረኪና በቀጭን ድምፅ። «ዛሬ ጠዋት እሷም ነግራኛለች።» ከዚያ የሙሽራን እጅ ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው፣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«እማ፣ ይተዉ። ወደውኝ ነው።»

«መውደዱንማ ወድጄሻለሁ። ግን ላጥኩሽ እኮ!»

ሙሽራ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ዶክተሯም ዞር ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። አብረዋቸው መሳቅ የጀመሩት እማማ ግን ጠርሙሷን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ውስጡ ያለው ነገር እንደ ደብዳቤ ቀለም የጠቆረ ሐምራዊ ነው።

«ጂንሽያን ቫዮሌት ይባላል» አለች ዶክተሯ። «ሻጋታውን የሚገድለው ይሄ ነው። ዛሬ እኔ እቀባሻለሁ፤ ከዚያ ራስሽ ቀን እየዘለልሽ፣ በጥጥ፣ ስስ አድርገሽ።»

«ልብስ ሲነካ ይለቃል?» አሉ እማማ።

«አይለቅም።»

«በሶዳም?»

«አይለቅም።»

«በበረኪ—»

«እማማ!»

ዶክተሯ ስትቀባት ሙሽራ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በኋላም ምክሯን እየደጋገመች ነገረቻት። የረጠበ ቀሚስ እንደለበሰች እንዳትውል፤ የውስጥ ልብሷ ጥጥ ይሁን፤ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። እስኪሻላት ከባሏ ጋር አትገናኝ። ቢመለስባት፣ ሽታው ቢለወጥ፣ ወይም ትኩሳትና የታችኛው ሆድ ሕመም ቢመጣ ወዲያው ትምጣ።

«ባሌ ዛሬ ይዘምታል» አለች ሙሽራ። «ጠልታኛለች ብሎ ነው የሚሄደው።»

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ አየች። ከሩቅ የሙዚቃ ጓድ ይሰማል። «ለዚህ መድኃኒት የለኝም» አለች። «አፍሽ ይድረስልሽ። ሩጪ።»

ጄኔራል በሕይወቱ ሮጦ የሚያውቅ ከሆነ ያን ቀን ነው። ሙሽራ በዚህ ጊዜ አንሶላ ውስጥ አልገባችም። ትራስ አጣጥፈው አመቻችተውላት ከአማቷ ጎን ተቀምጣ፣ ጠርሙሷን በመዳፏ ጨብጣ በዋናው መንገድ አለፉ። ያ አሥር አለቃ ድልድዩ ላይ ሲያያት አፉን ከፈተ፤ እጁን ግን ታጥቦ ነበር። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር የጠርሙሷ ክዳን እየላላ ሄዶ፣ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ የሙሽራ መዳፍና ጣቶቿ ሁሉ ሐምራዊ ሆነዋል።

ጣቢያው በር ላይ ካውያ የተተኮሱትን ሸሚዞች አቅፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀጥታ የሙሽራ እጅ ላይ አረፈ።

«ውይ! ምን ነካሽ ሙሽራ?»

ሙሽራ እጇን ልትደብቅ አለች። እማማ በረኪና ክንዷን ያዙና ወደ ላይ አነሱት።

«መድኃኒት ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው የባቡሩን ጭስ የሚቀድ ነበር። «ታማ ነበር፤ ሐኪም አየቻት። ከወንድ የመጣ አይደለም፤ ከእኔ ርጥብ ቤትና ከእኔ ሶዳ የመጣ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሚ ከረምሽ። አሁን የምትናገሪው አለሽ?»

ካውያ ቀላች። ግራ ቀኝ አይታ ወደ እማማ ጆሮ ተጠጋች። «እማማ… ያቺ ሐኪም… ሌላ ሰውም ታያለች?»

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ይህች ሴት ስንት ዘመን ቆማ እየተኮሰች፣ ለምን እንደማትቀመጥ ጠይቀዋት አያውቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል።»

«ሰኞ ይዤሽ እሄዳለሁ» አሉ። «ሁላችሁንም። በዋናው በር።»

ሃምሳ አለቃው በመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ቆሞ ጭፍሮቹን ያሳፍር ነበር። ለብሶት የቆመው ነጭ ኮሌታ እናቱ በእጃቸው ያነጡት፣ ስታርች ውስጥ የነከሩት ነው፤ ከክፍለ ጦሩ ሁሉ የእሱ ያበራል። ሙሽራን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ፤ ወታደር መሆኑ ትዝ ብሎት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማን አጅበሽ መጣሽ?» አላት።

«አልጠላሁህም» አለች ሙሽራ።

ሃምሳ አለቃው ከፉርጎው በር ወርዶ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ታምሜ ነበር። የሴት ነገር ነው፤ አፍሬ ነው። ስትነካኝ ያመኝ ነበር፤ ልነግርህ ፈራሁ። ያወሩት ነገር ነበር፤ ካንተ የመጣ መሰለኝ። አይደለም። ሐኪሟ እንደምድን ነገረችኝ።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ ለምን ሳትጠይቀኝ? ዛሬ በሬ ላይ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር» አለ። «ብታንኳኳ አትከፍትልህም የሚል ነገር መጣብኝ። ጥይት አልፈራም እኔ፤ ያንን ግን ፈራሁ።»

«እከፍትልህ ነበር። በሩ ሥር ነበርኩ እኮ።»

ሻምበሉ «ተሳፈር!» ብሎ ጮኸ። ፊሽካ ተነፋ። ሃምሳ አለቃው አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ አሁንም አልወጣም። ሙሽራ ሁለት እጇን ዘርግታ በኮሌታው ያዘችው፤ ወደ ራሷ ስባም ግንባሩን ሳመችው። ስትለቀው አምስት ሐምራዊ ጣቶች በነጩ ኮሌታ ላይ ተጋድመው ቀሩ።

«ውይ፣ አቆሸሽኩህ!»

የእማማ በረኪና እጅ ልባቸውን ሳይጠይቅ ተንቀሳቀሰ። የሽርጣቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ወደ ልጃቸው አንገት ዘረጉ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሳያጸዱት ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ልጁም እንደ ልጅነቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰጣቸው።

ጨርቁ ኮሌታውን ሊነካ ሲል እጃቸው ቆመ። አምስቱን ጣቶች አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሽርጡን ለቀቁትና ኮሌታውን በባዶ እጃቸው አቃንተው፣ «ሂድ፤ እንዲህ ሆነህ ሂድ» አሉት።

«ሻምበሉ ይቆጣኛል እማ።»

«እናቴ ናት ያጠበችው በለው።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሃምሳ አለቃው ከፉርጎው በር ላይ አንድ እጁን እያወዛወዘ፣ በሌላው እጁ ኮሌታውን ይዞ ሄደ። ሙሽራ ሐምራዊ መዳፏን ከፍ አድርጋ እስከ መታጠፊያው ድረስ አወዛወዘችለት፤ ከዚያ ያ እጇ ወርዶ የአማቷን እጅ ፈለገ። እማማ በረኪና አጥብቀው ያዙት። ከጣቢያው ሲወጡ የራሳቸው መዳፍም ሐምራዊ ሆኖ ነበር።

«እማ፣ እጅዎ» አለች ሙሽራ። «ይሄ እኮ አይለቅም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እማማ በረኪና። «አይለቅም አለች።» ከዚያ ጋሪው ላይ ትራሱን አመቻችተው፣ ልጃቸውን በቀስታ ደግፈው አስቀመጧት።